ያልተፈተነው ስፌት

ሰውየው ሱሪውን መስፊያው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «እጀታ እንድትሰፉልኝ ነው» ሲል፣ ሳሎሜ ኩንክል መጀመሪያ የመሰላት በጠዋቱ የጠጣ ሰው ነው።

ሱሪውን አየችው። ጉልበቱ ላይ ጥጥ የታጨቀበት፣ ደረቅ ጭቃ የበላው ወፍራም ሱሪ ነው። ሰውየውንም አየችው። ቁመቱ ከእሷ ብዙም አይበልጥም፣ ትከሻው ግን በሩን ሞልቶታል። ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኖ ወርዷል።

«እጀታው ለማን ነው?» አለችው።

«ለእኔ።»

«ሻንጣ ነህ እንዴ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አዎ» አላት ሳይስቅ።

ስሙ ኤምሊን ፕሮሰር ነው። ከተማዋን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ ያለው ኮሌጅ ተማሪ ነው። ተማሪ ይባል እንጂ የወሰዱት ለኳስ ነው፤ በእግር ለሚመታው ሳይሆን በእጅ ታቅፎ ለሚሮጥበት። አባቱ ከሸለቆው ማዶ ካለው የከሰል ጉድጓድ ገብተው ያልወጡ ሰው ናቸው። እሱም ልጅ ሳለ እዚያው ለሥራ ገብቶ ነበር። ኋላ ግን የኮሌጁ አሰልጣኝ አንድ እሑድ የማዕድን ሠራተኞች ሲጫወቱ አይቶት፣ ይህን ልጅ ስጡኝ ብሎ ወሰደው። እንዲህ ነው እንግዲህ የተማረው።

«ኳሷን የማቅፋት እኔ ነኝ» አላት። «ጓደኞቼ ደግሞ እኔን ይይዙና በሰው ክምር መሃል ይጎትቱኛል። የሚይዙት ሱሪዬን ነው። ሱሪው ይቀደዳል። ባለፈው ቅዳሜ ግማሹን ሜዳ የሮጥኩት…» አለና ሴት ፊት መሆኑ ትዝ ብሎት አንገቱ ድረስ ቀላ።

ሳሎሜ ሳቋን ለመደበቅ ክር ፍለጋ አጎነበሰች።

አባቷ አውጉስት ኩንክል ከጓዳ ብቅ አሉ። የፈረስ ዕቃ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ሁለት ሆነው ነው ሱቁን የያዙት።

«እኛ የምንሰፋው ለፈረስ ነው» አሉ። «ፈረስ ቢያንስ ወዴት እንደሚጎትቱት ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ፣ ሚስተር ኩንክል። ወደፊት ነው።»

«ማን ነበር ያልከው ስምህን? ፕሮሰር? ዌልሾች ናችሁ፣ ከዌልስ አገር?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ዌልሽ፣ ያውም ሻንጣ» አሉና ተመልሰው ገቡ። እሳቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ እሺ ማለት ነበር።

ሳሎሜ ሁለት የቆዳ ጠፍር ቆርጣ ወገቡ ላይ ግራና ቀኝ ሰፋችለት። የተልባ እግር ክሩን በጥቁር ሰም አሸችው፣ ሁለት መርፌ ይዛ ከዚህም ከዚያም እየወጋች አጠበቀችው። እሱ ቆሞ ያያል። እሷ ደግሞ ሰው ሲያያት እጇ የሚርበደበድ ዓይነት አልነበረችም፣ የዚያን ቀን ግን ወስፌው ጣቷን ወጋት። ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና መስፋቷን ቀጠለች።

በኩንክሎች ቤት ከአያት የመጣ ሕግ ነበር። ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ትልቅ የብረት ማንጠልጠያ አለ። የተሰፋ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ይሰቀልና ሰው በሙሉ ክብደቱ ይንጠለጠልበታል። ካልተንጠለጠሉበት ከበሩ አይወጣም። ሳሎሜ ሱሪውን በእጀታው ሰቀለችው።

«ተንጠልጠልበት» አለችው።

ኤምሊን ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ እግሩን አነሳ። ስፌቱ ፍንክች አላለም። እሱ ደግሞ ከመውረድ ይልቅ ተንጠልጥሎ ዓይኗን ማየት ጀመረ።

«በቃ እኮ፣ ይዟል» አለች።

«እርግጠኛ ለመሆን ነው።»

* * *

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ይመጣ ጀመር፤ ሳሎሜንም «ሳሊ» ይላት ጀመር። አንዳንዴ በእርግጥ የሚሰፋ ነገር ነበረው። አንዳንዴ ግን ደህናውን ጠፍር ራሱ በጥርሱ አላልቶ እንዳመጣው ሳሎሜ ታውቃለች። አላወቀችም ብሎ ያሰበው እሱ ብቻ ነው።

ኮሌጁ ተጫዋቾቹን በአንድ ማዕድ ነበር የሚቀልባቸው። ያልበሰለ ሥጋ፣ ደረቅ ዳቦ፣ አለቀ። ኬክ ክልክል ነው። ውኃም በልክ ነው። ሳሎሜ የፖም ኬክ ጋግራ፣ የፈረስ አንገት ማሰሪያዎቹ ከተደረደሩበት ጀርባ ታስቀምጥለታለች። እዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ሌባ ይበላል።

«ካፒቴናችሁ ቢያይህስ?»

«ቢትነር? ቢያይማ ግማሹን ይወስድብኛል።»

ሃርላን ቢትነር የቡድኑ ካፒቴን ነው፤ የገበሬ ልጅ፣ በሬ የሚያክል ሰው። እጀታውን ይዞ ከፊት የሚጎትተው እሱ ነው።

«ይህን ፀጉር ግን ምን ልትሆን ነው የምታሳድገው?» አለችው አንድ ቀን። «ከኋላ ሲያዩህ አክስቴን ትመስላለህ።»

«ለጭንቅላት ነው። ትራስ ነው እኮ። ቆብ የሚያደርግ ይሳቅበታል፣ ስለዚህ ሁላችንም እናሳድጋለን። በኅዳር፣ በምስጋና በዓል ቀን ያለው የመጨረሻው ጨዋታ እስኪያልቅ መቀስ አይነካውም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይቆረጣል። እናት ያለው በእናቱ፣ እህት ያለው በእህቱ።» ኬኩን አኝኮ እስኪውጥ ቆየ። «እጮኛ ያለው በእጮኛው።»

ሳሎሜ ቀና አላለችም። መርፌዋን አስገብታ አወጣች፣ አስገብታ አወጣች።

«የእኔ መቀስ የቆዳ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጆሮህን ይዞ ቢሄድ አልጠየቅም።»

«ሁለት አለኝ» አለ ኤምሊን።

የመተጫጨቱ ነገር ያን ጊዜ አለቀ። ሌላ ሰው ተንበርክኮ የሚለውን እነሱ በዚሁ ተባባሉ። አባቷ ሁሉንም ከጓዳ ሰምተው ኖሮ፣ ማታ ሾርባቸውን እየጠጡ «ኮሌጁን ይጨርስ እንጂ» አሉ። «ከሰል ጉድጓድ ለሚገባ ሰው ልጄን አልሰጥም። እናቱን አይቻለሁ። ሴትዮዋ የጉድጓዱ ደወል በተደወለ ቁጥር እጃቸውን ልባቸው ላይ ያደርጋሉ።»

* * *

ሳሎሜ ጨዋታ ስታይ የመጀመሪያዋ ጥቅምት ላይ ነው። አለማየት ይሻል ነበር።

ሰው መሬት ላይ ወድቆ ሌላው በላዩ ይከመርበታል። ኤምሊን እንቁላል የመሰለችውን ኳስ አቅፎ ሲገባ፣ ቢትነር እጀታውን ይዞ ይስበዋል፣ ከኋላ ያሉት ይገፉታል፣ ከዚያ በኩል ያሉት ደግሞ እግሩን ይዘው ወደ ራሳቸው። የሰፋችው እጀታ ተወጥሮ ሲይዝ አየችው። አጠገቧ ያለው ሰው ያጨበጭባል። እሷ ግን ክንዷ እስኪደነዝዝ አግዳሚውን ይዛ ቀረች።

አንድ ጊዜ ክምሩ ሲነሳ ኤምሊን አልተነሳም። ውኃ ደፉበት። ተነስቶ ቆመ፣ ቆሞም ወደ ተሳሳተው ጎን መራመድ ጀመረ። ሰዉ ሳቀ። ቢትነር ትከሻውን ይዞ አዞረው።

ሰኞ ሱሪውን ይዞ መጣ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ሱሪውን አስቀምጦ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ፤ ኤምሊን ነው።

«ሳሊ፣ ሱሪዬን ረስቼ መጣሁ። ሄጄ ላምጣው?»

ሳሎሜ እጇ ላይ ያለውን ሱሪ አየች። እሱም አየው። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሰጥቼሻለሁ ለካ» አለ።

«ተቀመጥ።»

«ምንም አይደለም። አንዳንዴ…»

«ተቀመጥ አልኩህ። ይህ ስንተኛህ ነው?»

ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ መሃል ከትቶ ወለሉን ያያል። ቀኝ ጆሮው ውስጥ የሚጮህ ነገር እንዳለ ነገራት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን አንብቦ ሲጨርስ የመጀመሪያው መስመር እንደሚጠፋበት ነገራት። ለማንም እንዳትናገር አስማላት።

«ካወቁ አያጫውቱኝም። ካላጫወቱኝ ደግሞ እዚያ ኮረብታ ላይ ምን እሠራለሁ? በማግስቱ ጉድጓድ ነኝ። ለእናቴ ከመሬት በታች አልገባም ብያታለሁ፣ ሳሊ። አባቴን ከወሰደው ቀዳዳ አልገባም ብያታለሁ።»

ማለች። እሷ ደግሞ አንዴ ቃል ከገባች የማታፈርስ ናት።

* * *

የምስጋና ቀን ሳምንት ሲመጣ የከተማው ሰው ሌላ ወሬ አልነበረውም። የመጨረሻው ጨዋታ ከወንዙ ማዶ ካለው ኮሌጅ ጋር ነው፤ ተጋጣሚዎቹ የዚያን ዓመት የአንዱን ልጅ አንገት የሰበሩ ናቸው። ልጁ በሕይወት አለ፣ ግን ሰው ያጎርሰዋል ይባላል።

ኤምሊን ሱሪውን ይዞ መጣ። ሁለቱም እጀታዎች ተሰነጣጥቀዋል።

«አልሰፋም» አለች ሳሎሜ።

«ምን?»

«አልሰፋም። ለፈረስ እሰፋለሁ፣ ለበቅሎ እሰፋለሁ። ለዚህ አልሰፋም።»

«አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። አንድ። ከዚያ ትቆርጪኛለሽ፣ ያበቃል።»

«ጭንቅላት ሲኖርህ አይደለም የምቆርጥህ?»

«አትቀልጂ።»

«ቀልዴን አይደለም። ፀጉሬን ቁረጪ ብለህ መጥተህ እኔን ማን ነሽ ብትለኝስ?»

ኤምሊን ተቆጣ። ሱሪውን ከጠረጴዛው ላይ መነተፈው።

«እሺ፣ ተዪው። ከመንገዱ ማዶ ሰፊው ሼፈር አለ። ሼፈር ይሰፋልኛል።»

በሩ ጋ ደርሶ ነበር። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ሳሎሜ ኩንክል በሕይወቷ ማንንም ፊት ለፊት እምቢ ከማለት ወደኋላ ያለች ሴት አይደለችም፤ ቄሱንም፣ ግብር ሰብሳቢውንም፣ አባቷንም ብላለች። ሁለተኛ እምቢ ብላው፣ በሩን ተደግፋ፣ በእኔ ላይ ተራመድና ሂድ ብትለው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። አላለችም። ሼፈር እንዴት አጥብቆ እንደሚሰፋ ታውቃለችና ሌላ ነገር መጣላት።

«አምጣው» አለች።

«እውነት?»

«አምጣው አልኩህ። ኬክህን ብላ።»

እሱ ከአንገት ማሰሪያዎቹ ጀርባ ሄዶ ሲቀመጥ፣ እሷ የተልባ እግሩን ክር ተወችና የአልጋ ልብስ የምትሰፋበትን የጥጥ ክር አወጣች። ጥቁር ሰም አሸችው። ሰም ከነካው በኋላ አንዱ ከአንዱ አይለይም። በአንድ መርፌ ሰፋችው፣ ቀዳዳዎቹን አራርቃ። ላይ ላዩን ሲያዩት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያማረ ነበር።

ኤምሊን ከንፈሩን እየጠረገ መጣ።

«ልንጠልጠልበት?» አላት ማንጠልጠያውን እያሳያት።

«አያስፈልግም።»

«ሕጉስ?»

«መሽቶብሃል፣ ሂድ። የእኔን ስፌት አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ» አለ። ሱሪውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ሳቀ። «ሐሙስ ማታ መቀስሽን ይዘሽ ጠብቂኝ።»

* * *

ሐሙስ ዕለት ብርዱ ቆዳ ይልጥ ነበር። ሳሎሜ ከሜዳው መጨረሻ መስመር አጠገብ፣ ከገመዱ ጀርባ ቆመች። ካፖርቷ ኪስ ውስጥ መቀሱ አለ። ለምን ይዛው እንደመጣች እሷም አታውቅም።

ተጋጣሚዎቹ ቀድመው አስቆጥረዋል። ፀሐይ ልትገባ ስትል እነ ኤምሊን እየገፉ፣ እየገፉ፣ ከመስመሩ አንድ እርምጃ ደረሱ። ኳሷን አንዴ ከመስመሩ ማዶ ቢያደርሱ ጨዋታው የእነሱ ነው። ሜዳው በሙሉ ጸጥ አለ።

ኳሷን ለኤምሊን ሰጡት። አቀፋትና ጎንበስ ብሎ ገባ። ቢትነር እጀታውን ጨብጦ በሙሉ ኃይሉ ወደፊት ተወረወረ።

እጀታው ተነቀለ።

ቢትነር ባዶ ጠፍር ይዞ መስመሩን አልፎ በፊቱ ተደፋ። የሰው ክምር ሁሉ ቢትነር በወደቀበት፣ ኤምሊን መሆን በነበረበት ቦታ ተናደ። ኤምሊን ከዚህ በኩል ቀረ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ኳሷን ይዞ፣ እጁ እንደተዘረጋ። ከመስመሩ የቀረው አንድ ክንድ ነው። የጨዋታው ማብቂያ ፊሽካ ተነፋ።

ቢትነርን አንስተው ሲወስዱት ትከሻው ወልቆ ነበር። ኤምሊን ብቻውን ተነሳ። ደም የለበትም፣ አልተንገዳገደም፣ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ሳሎሜ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። አፏን ሳትዘጋ እሱ ጎንበስ ብሎ ጭቃው ውስጥ የቀረውን ጠፍር ሲያነሳ አየችው። ክሩን በጣቱ አሻው። ሰሙ ሲላቀቅ ከስሩ ነጭ ጥጥ ወጣ።

መኸሩን ሙሉ ሰኞ ሰኞ ቆሞ ስትሰፋ ያያት ነበር። ሌላ ሰው አይለየውም፣ እሱ ግን ይህ የእሷ የተልባ እግር ክር እንዳልሆነ ያውቃል።

ቀና ብሎ ከሰዉ መሃል ፈለጋት፣ አገኛት። ያን አስተያየት ተቆጥቶ ነው እንዳትል ቁጣ አልነበረበትም። ከቤቱ ወጥቶ ሲመለስ በሩን ተዘግቶ ያገኘ ሰው ነበር የሚመስለው።

* * *

በማግስቱ መጣ። ጠፍሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሳሎሜ አልካደችም።

«አዎ፣ አውቄ ነው» አለች። «ቆመሃል፣ ትራመዳለህ፣ ስሜን ታውቃለህ። ደግሜም አደርገዋለሁ።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለ ኤምሊን። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ልንጠልጠልበት ብዬሽ ነበር።»

«ብትንጠለጠልበት ይበጠስ ነበራ።»

«ይበጠስ ነበር። ያን ጊዜ እዚሁ፣ እኔና አንቺ ብቻ ሆነን ነበር የሚበጠሰው። እንጣላ ነበር። ስድብም ብንሳደብ ለብቻችን ነው።» እጁን በረጅም ፀጉሩ ውስጥ አሳለፈ። «አንቺ ግን ሰዉ ሁሉ ፊት አደረግሽው፣ ሳቅሽልኝና ላክሽኝ።»

«ሼፈር ጋ ትሄድ ነበር።»

«ምናልባት እሄድ ነበር» አለ። «ምናልባትም ደጃፍ ላይ ደርሼ እመለስ ነበር። አሁን ይህን በምን እናውቃለን?»

መቀሱ በሁለቱ መሃል ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለቱም አዩት። አንድ ቃል ብትናገር፣ ይቅር በለኝ ብትል፣ ተቀመጥ ብትለው እንኳ ይበቃ ነበር። አላለችም። ትክክል ነኝ የሚል ሰው ይቅርታ ከየት ያመጣል?

ባርኔጣውን አደረገና ወጣ።

ይመጣል ብላ ጠበቀች። መንገዱን ያውቀዋል አለች። እኔ ምን በወጣኝ አለች። የገና በዓል መጣና ሄደ። በረዶው ሲሟሟ ኤምሊን ኮሌጁን እንደለቀቀ፣ ከሸለቆው ማዶ ተመልሶ የጉድጓዱ በቅሎ ነጂ እንደሆነ ሰማች። ያን ቀን ክር ስታሽ ቆይታ ሰሙ በሙሉ እጇ ላይ አለቀ።

ከዚያ ጉድጓድ የሚመጣ የበቅሎ ዕቃ ሁሉ የሚሰፋው ኩንክሎች ዘንድ ነው። ሳሎሜ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ትሰፋዋለች፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ትንጠለጠልበታለች። አባቷ አይተው ምንም አይሉም። አንድ ጊዜ ብቻ «በቅሎዎቹ መቼም ዕድለኞች ናቸው» አሉ።

* * *

ዓመታት አልፈው አንድ የገበያ ቀን ሃርላን ቢትነር ወደ ሱቁ ገባ። የአባቱን እርሻ ይዟል፣ ቦርጭ አውጥቷል። ያን ቀን የወለቀው ትከሻው ዛሬም ዘንበል ያለ ነው። ለማረሻ ፈረሶቹ ዕቃ ሲመርጥ የድሮ ጨዋታ ተነሳ።

«ያ ሞኝ ፕሮሰር» አለ። «ሁልጊዜ እዚህ ሲያሰፋ ኖሮ፣ ያንን ሳምንት ምን ነክቶት ራሱ እንደሰፋው አይገባኝም።»

ሳሎሜ እጇ ቆመ። «ራሱ ሰፋሁት አለ?»

«አሰልጣኙ ጠየቀው እኮ፣ ሁላችን ፊት። የማን ሥራ ነው ይህ፣ የኩንክል ነው? ቤቱን አዘጋዋለሁ ብሎ ፎከረ። ፕሮሰር ደግሞ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ በቤት ክር ሰፋሁት አለ። ፈርተህ ነው፣ ሆን ብለህ ነው ተባለ። መልስ አልሰጠም። ከዚያ የኮሌጅ ቦታውን ነሱት።» ትከሻውን ዳበሰ። «እኔ ግን አልተቀየምኩትም። ያ ሁሉ ሰው የወደቀው እኔ ትከሻ ላይ ነው። እጀታው ቢይዝ ኖሮ እዚያ ቦታ የሚገኘው የእሱ ጭንቅላት ነበር።»

«እሱ አይደለም የሰፋው» አለች ሳሎሜ። «እኔ ነኝ። አውቄ ነው ያላላሁት።»

ቢትነር አያት። ከዚያ የመረጠውን ልጓም አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ» አላት። «ሂጂና ለእሱ ንገሪው።»

በማግስቱ የአባቷን ጋሪ አስነሳች። ሸለቆውን ተሻገረች። የማዕድን ሠራተኞቹ ቤቶች ሁሉም አንድ ናቸው፣ እየጠየቀች ደረሰች። በሩን የከፈቱት እናቱ ናቸው፤ እጃቸው ዱቄት ነክቶታል።

«የኮርቻ ሰፊው ልጅ ነሽ» አሉ ሳትነግራቸው።

«አዎ እማማ። ኤምሊን አለ?»

«ጉድጓድ ነው።» ዱቄቱን ከእጃቸው አራገፉ። «በፋሲካ አገባ፣ ልጄ። ከሚስቱ ጋር እዚያ መጨረሻው ቤት ናቸው።»

ሳሎሜ እንኳን ደስ ያለዎት አለች። ሌላ ምን ትበል? ዞር ስትል ሴትዮዋ ክንዷን ያዟት።

«ያን ዓመት ፀጉሩን አላስቆርጥም ብሎ አሰቃየኝ» አሉ። «ሰፈሩ ሳቀበት። አንዷ ትመጣለች፣ እሷ ናት የምትቆርጠኝ ይላል። ገና አለፈ፣ እንደ ሴት አስረዝሞ መስኮት ላይ ነው። በኋላ ጉድጓድ ሲገባ አለቃው እንዲህ ሆነህ አትገባም አለው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ እዚህ ወንበር ላይ።» ክንዷን ለቀቁ። «ለምን ቆየሽ?»

ሳሎሜ ወደ ጋሪው ተመለሰች።

* * *

ኋላ አባቷ አረፉ። ሳሎሜ ሱቁን ብቻዋን ያዘች፣ ሳታገባ ቀረች። ጠይቀዋት ነበር፣ ሁለት ሰዎች። ሁለቱንም ፊት ለፊት እምቢ አለች። እምቢ ማለቱን ከዚያ ወዲያ አልረሳችውም።

አንድ ቀን፣ የከሰል ጉድጓዱ በቅሎዎቹን በመኪና ሊተካ ነው በሚባልበት ወራት፣ አንድ ሰው የበቅሎ አንገት ማሰሪያ ተሸክሞ ገባ። ትከሻው በሩን ሞላው። ባርኔጣውን አወለቀ። ፀጉሩ አጭር ነው፣ ጎኑ ላይ ሸብቷል።

«ደህና ዋልሽ፣ ሳሊ።»

«ደህና ዋልክ፣ ኤምሊን።»

«ይህ ማሰሪያ የተቀደደው እዚህ ጋ ነው። የመጨረሻዋ በቅሎዬ ማሰሪያ ነው። ጉድጓዱ ሲለቃት እኔ ወሰድኳት። ወደ ምዕራብ ልንሄድ ነው፣ መሬት አግኝተናል። ከመሬት በላይ» አለና ፈገግ አለ። በመስኮቱ ጋሪው ይታያል። ጋሪው ላይ ሻርፕ የለበሰች ሴት ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች።

ሳሎሜ ማሰሪያውን ተቀብላ መስፋት ጀመረች። እሱ እንደ ድሮው ቆሞ አያት። እሷ ስትናገር ግራ ጆሮውን ወደ እሷ እንደሚያዞር አስተዋለች። ቀኙ አይሰማም ማለት ነው።

«ቢትነር ነገረኝ» አለች ቀና ሳትል። «ምን እንዳልክላቸው።»

«ቢትነር አፉ አያርፍም።»

«እናትህም ነገሩኝ። ስለ መስኮቱ።»

ኤምሊን ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። መንገድ ላይ ሰረገላ ሲያልፍ ተሰማ።

«ጭንቅላቴ ደህና ነው» አላት በመጨረሻ። «ሁሉንም አስታውሳለሁ። አንዳንዴ ይህንንም ያንቺ ሥራ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እንዲህ ሁሉንም ከማስታወስስ መርሳት ይሻል ነበር እላለሁ።»

«ልነግርህ ይገባ ነበር» አለች። «በሩን ተደግፌ ልከለክልህ ይገባ ነበር። ከዚያም ልመጣ ይገባ ነበር።»

«እኔም ልመለስ ይገባ ነበር» አለ። «ሁለታችንም ድርቅ ያልን ነን፣ ሳሊ።»

ስፌቱ አለቀ። ኤምሊን ሳትነግረው ማሰሪያውን ወስዶ ብረቱ ላይ ሰቀለው። በሁለት እጁ ያዘው፣ እግሩን አነሳ፣ ተንጠለጠለ። ጀርባውን ሰጥቷታል።

አንገቱ ላይ ያለው ፀጉር በግራ በኩል ወረድ ብሎ ተቆርጧል። ቤት ውስጥ የተቆረጠ ነው፣ ሕፃን በአንድ እጇ የያዘች ሴት የቆረጠችው። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ጠማማ ነው። የሳሎሜ እጅ ብድግ ብሎ መቀሱን ያዘ። አንድ እርምጃ ነበር የሚቀራት። አንዴ ቆረጥ ብታደርገው ይስተካከል ነበር።

«ይዟል» አለ ኤምሊን ተንጠልጥሎ እንዳለ።

«ይዟል» አለች።

ጎንበስ አለችና በመቀሱ ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ክር ቆረጠችው።